ኢኩሊብሪየምን ለትልልቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር፦ መምህራን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

የኬሚስትሪ መምህራን ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ የኢኩሊብሪየም (ሪአክሽን ወደ ፊትም ወደ ኋላም በእኩል ፍጥነት የሚሄድበት ሁኔታ) ምዕራፍ ሳይነሳ አይቀርም። ተማሪው ስሌቱን ይሠራል፣ ፈተናውንም ያልፋል። "እሺ፣ ዕቃው ውስጥ አሁን ምን እየሆነ ነው?" ሲባል ግን ጣራ ጣራ ያያል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከባልደረቦቼ በተለያየ ጊዜ የመጡልኝ ናቸው።

ይህ ምዕራፍ ተማሪዎችን ይህን ያህል የሚያስቸግረው ለምንድን ነው?

እስካሁን ያስተማርናቸውን ስለሚያፈርስባቸው ነው። ለዓመታት ሪአክሽን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ አንዱ ሪአክታንት (የሚዋሃደው ነገር) ሲያልቅ ይቆማል ስንላቸው ኖረናል። የስቶይኪዮሜትሪ ስሌት (ከዚህን ያህል ሪአክታንት ምን ያህል ፕሮዳክት፣ ማለትም ውጤት፣ እንደሚገኝ የምናሰላበት) በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ክፍል እንገባና "ሪአክታንቱ አያልቅም፤ ሪአክሽኑም አይቆምም፤ ወደ ኋላም ይመለሳል" እንላቸዋለን። ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም።

ሌላው ምክንያት ቃሉ ራሱ ነው። "ሚዛን" ሲባል ማንም ሰው ዓይን ላይ ቶሎ ድቅን የሚለው ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ነው። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ሲሆኑ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ከዚህ አንድ ሥዕል ሁለት ስህተት ይወለዳል። አንደኛው "የሁለቱ ወገን መጠን እኩል ነው" የሚለው ነው፤ ሁለተኛው "ቆሟል" የሚለው። ሁለቱም ውሸት ናቸው። ስለዚህ እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች "ኬሚካዊ ሚዛን" የሚለውን አልጠራውም፤ "ኢኩሊብሪየም" እላለሁ። ባዕድ ቃል መሆኑ ለአንዴም ቢሆን ይጠቅመናል፤ ምንም ሥዕል ይዞ አይመጣም። ሥዕሉን እኛ እንስልበታለን።

ከየት ልጀምር? በለ ሻተልዬ መርህ ብጀምር ይቀለኛል።

ለመምህሩ ይቀላል፤ ለተማሪው ግን ዕዳ ነው። መርሁ ኢኩሊብሪየም ሲነካ ሪአክሽኑ ለውጡን በከፊል ወደሚቀንስ አቅጣጫ ይሄዳል ይላል። መርሁ "ብትገፋው ወደ ሌላው ይሄዳል" የሚል ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይሸመደዳል። ተማሪው ሪአክሽኑን እንደ ሰው ማየት ይጀምራል፤ "ይፈልጋል"፣ "ይቃወማል"፣ "ያካክሳል" ይላል። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁት መልሱ "ለ ሻተልዬ ስላለ" ነው።

እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የሪአክሽን ፍጥነት በደንብ ይከለሳል፤ ኮንሰንትሬሽን (በተወሰነ ቦታ ውስጥ ያለው የነገሩ መጠን) ሲጨምር ፍጥነት ለምን እንደሚጨምር ማለቴ ነው። ከዚያ የወዲያ (ከሪአክታንት ወደ ፕሮዳክት) እና የወዲህ (የመመለሻው) ፍጥነት እንዴት እኩል እንደሚሆኑ በጨዋታ ይታያል። ቀጥሎ ቋሚው ኬ (ኢኩሊብሪየም ላይ የፕሮዳክቶቹ ኮንሰንትሬሽን ብዜት፣ እያንዳንዱ በእኩልታው ቁጥር ፓወር ሆኖ፣ ለሪአክታንቶቹ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ይመጣል፣ ከእሱ ጋር ወንድሙ ኪው። ለ ሻተልዬ መጨረሻ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ተማሪው መርሁን ራሱ ሊደርስበት ትንሽ ነው የሚቀረው።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

በጣም ቀላል ነው፤ ግን ቁጥሮቹን እንዳትቀይሩ። ሆን ተብለው የተመረጡ ናቸው።

48 ቆርኪ ሰብስቡ። ጠጠርም ቁራጭ ወረቀትም ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሩ። ግራው ሀ፣ ቀኙ ለ ይባል። በየወገኑ አንድ ተማሪ ይቁም። ሕጉ እንዲህ ነው፦ በየዙሩ የሀ ተማሪ ካለው ግማሹን ወደ ለ ይልካል፤ የለ ተማሪ ካለው ሩቡን ወደ ሀ ይልካል። ሁለቱም መጀመሪያ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይገፋሉ። ክፋይ ከመጣ ወደ ታች ይጠጋጋ። ሦስተኛ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ይመዝግብ።

48ቱም ሀ ጋ ሆነው ይጀመር። በአንደኛው ዙር 24 ይሻገራሉ፤ የሚመለስ የለም። 24 ለ24 ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ልጅ "ደረሰ! እኩል ሆነ!" ብሎ መጮኹ አይቀርም። ዝም በሉት፤ "እስቲ ቀጥሉ" ብቻ በሉ። በሁለተኛው ዙር 12 ይሄዳሉ፣ 6 ይመለሳሉ፤ 18 ለ30። በሦስተኛው 9 ይሄዳሉ፣ 7 ይመለሳሉ፤ 16 ለ32። በአራተኛው 8 ይሄዳሉ፣ 8 ይመለሳሉ። አምስተኛውም ስድስተኛውም ያው ነው። ቁጥሩ ከ16 ለ32 ፍንክች አይልም፤ የልጆቹ እጅ ግን አሁንም እየሠራ ነው።

አሁን ያንን የጮኸውን ልጅ ጠይቁት። "እኩል የሆነው መቼ ነው? የጸናውስ?" መጠኑ እኩል በሆነበት ሰዓት ኢኩሊብሪየም አልነበረም። ኢኩሊብሪየም ሲደርስ ደግሞ መጠኑ እኩል አልነበረም። እኩል የሆነው የሚሄደው እና የሚመጣው ነው። ይህን በቃል አንድ ሰዓት ሙሉ ከመስበክ ቆርኪው በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ 48ቱንም ለ ጋ አድርጋችሁ አስጀምሩ። 12 ለ36 ይሆናል፣ ከዚያ 15 ለ33፣ ከዚያ 16 ለ32። ከየትኛውም ወገን ቢነሳ መድረሻው አንድ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጉርምርምታ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

የመጨረሻው እና ለእኔ ዋነኛው ደረጃ ይኸውና። 16 ለ32 ላይ እያለ ሀ ላይ 12 ቆርኪ ጨምሩ። 28 ለ32 ሆነ። ይቀጥሉ፦ 22 ለ38፣ ከዚያ 20 ለ40፣ ከዚያ 10 ሄዶ 10 ይመለሳል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የለ እና የሀ ጥምርታ ተመልሶ 2 ሆኗል። ሁለተኛ፣ ሀ ወደ 16 አልተመለሰም፤ 20 ላይ ቀርቷል። የጨመርነው በከፊል ተውጧል እንጂ አልጠፋም። ለ ሻተልዬ የሚለው ይኸው ነው። መርሁን ስም ሳትሰጡት አስተማራችሁት ማለት ነው።

ያ 2 ከየት መጣ?

ግማሽ ሲካፈል ለሩብ። የወዲያው ፍጥነት ቋሚ ለወዲህኛው ሲካፈል ኬ ይወጣል። ጎበዝ ተማሪ ሳትነግሩት ያገኘዋል፤ ትንሽ ታገሱት።

"ሪአክሽኑ ቆሟል" የሚለውን ከአእምሯቸው እንዴት አወጣዋለሁ?

በንግግር አይወጣም። አንድ ጊዜ ፈተና ሳርም ስሌቱን አንድም ሳይሳሳት የሠራ ልጅ ገጠመኝ። ከስሌቱ በታች በደስ የሚል የእጅ ጽሑፍ "ስለዚህ በዚህ ሰዓት ሪአክሽኑ ቆሟል" ብሎ ጽፏል። ሙሉ ነጥብ ልስጠው ወይስ ልቀንስበት ብዬ ብዙ አመነታሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አለመቆሙን በዓይኑ አላሳየሁትም።

አሁን የምጠቀመው የአይረን-3 ናይትሬት እና የፖታሲየም ታዮሳያኔትን ሙከራ ነው። ሁለቱ ቀጫጭን ሶሉሽኖች ሲቀላቀሉ ደም የመሰለ ቀይ ቀለም ይወጣል። ቀለሙን እስኪያሳልፍ ድረስ በውኃ ታቀጥኑታላችሁ፣ ከዚያ ለሦስት ቴስት ቲዩብ ታካፍሉታላችሁ። አንዱን ለማነጻጸሪያ ተዉት። በሁለተኛው ላይ የአይረን ሶሉሽን ጠብ አድርጉ፤ ይቀላል። በሦስተኛው ላይ ታዮሳያኔት ጠብ አድርጉ፤ እሱም ይቀላል።

ጥያቄው ከዚህ ይመጣል። አይረን ስንጨምር ከቀላ፣ ከምን ጋር ተዋሃደ? ያልተነካ ታዮሳያኔት ነበረ ማለት ነው። ታዮሳያኔት ስንጨምርም ከቀላ፣ ያልተነካ አይረንም ነበረ። ሁለቱም አላለቁም! በስቶይኪዮሜትሪው ዓለም ቢያንስ አንዱ ማለቅ ነበረበት። ተማሪው ራሱ ከድሮ ትምህርቱ ጋር ይጋጫል፤ የምንፈልገውም ግጭቱን ነው።

አለመቆሙን በቀጥታ የሚያሳየው ግን ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው። የሊድ አዮዳይድ ጠጣር ባለበት የጠገበ ሶሉሽን ውስጥ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ አዮዳይድ ያለበት ተመሳሳይ የጠገበ ሶሉሽን ይጨመራል። የሟሟው መጠን አይለወጥም። ከጊዜ በኋላ ግን ጠጣሩ ራሱ ራዲዮአክቲቭ ሆኖ ይገኛል። መቼም ክፍል ውስጥ አትሠሩትም፤ ታሪኩን ንገሯቸውና "እንዴት ገባ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ላብራቶሪ ከሌለኝስ?

ቆርኪው ይበቃል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ሁለት ገንዳ እና መጠናቸው የሚለያይ ሁለት ኩባያ ካላችሁ ደግሞ ውኃ አስቀዱ፤ አንዱ በትልቁ ኩባያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሌላው በትንሹ ከቀኝ ወደ ግራ። ኩባያው ውኃው ውስጥ ይነከር እንጂ ገንዳው እንዳይዘነበል። ውኃው ሲያንስ ኩባያው የሚይዘውም ያንሳል፤ ፍጥነት ከኮንሰንትሬሽን ጋር እንደሚሄድ ያሳያል። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ገንዳዎች ከፍታ ይለያያል፣ ግን አይነቃነቅም።

የታሸገ ጋዝ ያለበት የለስላሳ ጠርሙስም ይጠቅማል፤ በተለይ "ዝግ ዕቃ" የሚለውን ለማስረዳት። ሲከደን ኢኩሊብሪየም አለ። ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አምልጦ ይሄዳል፤ ኢኩሊብሪየሙም አብሮት።

ስለ አደጋው ልጠይቅ፦ የኮባልት ክሎራይዱን ሙከራ ተማሪዎች ራሳቸው ቢሠሩት?

ባይሠሩት ይሻላል፤ ኮባልት ክሎራይድ መርዛማ ነው። መምህሩ በትንሽ መጠን፣ በጓንት እና በመነጽር ይሥራውና እነሱ ይዩት። ሮዙ ሶሉሽን ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሰማያዊ ይሆናል፤ በረዶ ውስጥ ሲገባ ወደ ሮዝ ይመለሳል። ያው ቴስት ቲዩብ፣ አሥር ጊዜ ቢደጋገም አሥር ጊዜ ይመላለሳል። የክሮሜት እና ዳይክሮሜቱን ቢጫና ብርቱካናማ ግን ከነጭራሹ ትቼዋለሁ። ካንሰር አምጪ ነው፤ ሌሎቹ የሚያሳዩትን እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም። ታዮሳያኔቱም ቢሆን ጠንካራ አሲድ እንዳይነካው፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል።

ኬ ትልቅ ከሆነ ሪአክሽኑ ፈጣን ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። ሃይድሮጅን እና ኦክስጅን ውኃ የሚሆኑበት ኬ በክፍል ሙቀት እጅግ ግዙፍ ነው። ድብልቁ ግን ብልጭታ ካልነካው ለዓመታት ተኝቶ ይቀመጣል። ኬ የት እንደሚደረስ እንጂ መቼ እንደሚደረስ አይናገርም። ይህን ልዩነት በሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፋችሁ ምዕራፉ እስኪያልቅ አታጥፉት።

ጠጣር ነገር ኬ ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው? "ሕጉ ነው" ብዬ ብቻ አልፋለሁ።

የካልሲየም ካርቦኔትን መፍረስ ውሰዱ። ሲሞቅ ካልሲየም ኦክሳይድ እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። አንድ እፍኝ ካርቦኔትም ሆነ አንድ ኩንታል፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን ያው ነው። ጠጣር ሲበዛ ቦታው ይሰፋል እንጂ ጥግግቱ አይጨምርም። የማይለወጥ ቁጥር ስለሆነ ከቋሚው ጋር ተዋሕዷል። የሚቀረው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ብቻ ነው።

ጥሩ የመፈተሻ ጥያቄም ይወጣዋል፦ "ኢኩሊብሪየም ላይ ያለ ዕቃ ውስጥ ካርቦኔቱን በእጥፍ ብንጨምር የጋዙ ግፊት ምን ይሆናል?" ባዶውን ቦታ እንዳላጣበበ ብንወስድ መልሱ "ምንም" ነው። አብዛኛው ተማሪ "ወደ ቀኝ ይሄዳል" ይላል። የለ ሻተልዬ ሽምደዳ ማለት ይሄ ነው።

ኪውን ማስተማር የግድ ነው? ሥርዓተ ትምህርቱ ብዙም አይገፋበትም።

እኔ ከለ ሻተልዬ መርህ እና ከኪው አንዱን ጣል ብባል ያለምንም ማመንታት መርሁን ነው የምጥለው። ኪው የሚሰላው እንደ ኬ ነው፤ ልዩነቱ በዚህች ቅጽበት ያለውን ቁጥር ማስገባታችን ነው። ከኬ ካነሰ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከበለጠ ወደ ግራ፣ እኩል ከሆነ ደርሷል። ሰው የለም፣ ፍላጎት የለም፣ መቃወም የለም። ማወዳደር ብቻ ነው።

ጥቅሙ የሚታየው በናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ስሪንጅ ነው። ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ቀለም የለውም፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቡናማ ነው። አንዱ ቴትሮክሳይድ ሁለት ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ሁለቱ ያሉበት የታሸገ ስሪንጅ ሲጨመቅ ምን ይሆናል? ለ ሻተልዬን የሸመደደ ተማሪ "ጥቂት ሞሎች ወዳሉበት ይሄዳል፣ ስለዚህ ቀለሙ ይቀንሳል" ይላል። ቪዲዮውን ስታሳዩት ግን መጀመሪያ ይጠቁራል። ከዚያ ትንሽ ይለቅቃል። መጨረሻ ላይ ከጎን ሲታይ ከመነሻው የጠቆረ ሆኖ ይቀራል። (ጋዙ መርዛማ ስለሆነ እዚህ ላይ ቪዲዮ እመርጣለሁ።)

በኪው እንየው። ቦታው በግማሽ ሲቀንስ የሁለቱም ኮንሰንትሬሽን በእጥፍ ያድጋል፤ መጥቆሩ ለዚህ ነው። ኪው ላይ የዳይኦክሳይዱ ስኩዌር ነው ያለው፤ ስለዚህ ላዩ 4 እጥፍ፣ ታቹ 2 እጥፍ ይሆናል። ኪው ከኬ 2 እጥፍ በለጠ። ወደ ግራ መሄድ አለበት፤ መልቀቁ ለዚህ ነው። ለምን ሙሉ በሙሉ እንዳልለቀቀ ደግሞ የቆርኪው 20 ይመሰክራል።

የቀዩን ሶሉሽን ነገር ካነሳን አንዲት ትንሽ ብልሃት ልጨምር። ከቀዩ ሶሉሽን ሁለት እኩል ቴስት ቲዩብ ቅዱ። አንዱን በውኃ በእጥፍ አቅጥኑት። ከዚያ ሁለቱንም ነጭ ወረቀት ላይ አቁማችሁ ከላይ ወደ ታች አዩአቸው። መቅጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ ከላይ ሲታዩ እኩል በቀሉ ነበር፤ ቀለሙ ግማሽ ቢሆንም የሚታየው ጥልቀት እጥፍ ነውና። የቀጠነው ግን ፈዝዞ ይታያል። ቀዩ ነገር በከፊል ፈርሷል ማለት ነው። ምርጥ ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚከራከሩበት ሙከራ ይህ ነው።

ሂሊየም ቢጨመርስ? በየፈተናው ይመጣል።

ሂሊየም ከማንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው፤ ዕቃው የማይለጠጥ ከሆነ ምንም አይሆንም። ጠቅላላ ግፊቱ ይጨምራል፤ የእያንዳንዱ ሪአክታንት እና ፕሮዳክት ኮንሰንትሬሽን ግን ያው ነው፤ ኪው አልተነካም። ዕቃው ፒስተን ኖሮት ግፊቱ ቋሚ ከሆነ ግን ቦታው ይሰፋል፣ ሁሉም ይሳሳሉ፤ ወደ ብዙ ሞሎች ወዳሉበት ወገን ይሄዳል። ፈተና ስታወጡ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። ሳይጻፍ የሚቀርብ ጥያቄ በተማሪው ላይ መቀለድ ነው።

ካታሊስት ኬን እንደማይቀይር እንዴት ላሳምናቸው?

ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽን የሚያፋጥን ነገር ነው። ወደ ቆርኪው ተመለሱ። አሁን ሀ ሩብ ብቻ ይላክ፣ ለ ደግሞ አንድ ስምንተኛ። ከ48 ሲጀመር 36 ለ12፣ 28 ለ20፣ 23 ለ25 እያለ ያዘግማል። በስምንተኛው ዙር 16 ለ32 ይደርሳል። ያው ቦታ ነው! ግማሽ እና ሩብ ሲልኩ በሦስት ዙር የደረሱበትን አሁን በስምንት ዙር ደረሱበት። የፈጣኑ ጨዋታ ካታሊስት ያለበት ነው፣ የዝግተኛው የሌለበት። ካታሊስት ሁለቱንም መንገድ በእኩል እጥፍ ያፋጥናል፤ ጥምርታው አይነካም።

ሙቀት ግን ኬን ይቀይራል። ልዩነቱን እንዴት ላስረዳ?

ሙቀት ሲጨምር ሁለቱም መንገዶች ይፈጥናሉ፤ ግን እኩል አይደለም። ሙቀት የሚስበው አቅጣጫ የበለጠ ይፈጥናል። በጨዋታው ክፍልፋዮቹ ራሳቸው ተለወጡ፣ ያውም በተለያየ እጥፍ፤ ስለዚህ ጥምርታው ሌላ ይሆናል። "ሙቀትን እንደ ሪአክታንት ቁጠረው" የሚለው አቋራጭ መልስ ያስገኛል፤ እኔ አልከለክልም። ግን ኬ ራሱ መቀየሩን ስለሚደብቅ ብቻውን አትተዉት።

ስሌቱን በምን ላለማምዳቸው?

ባለ ሦስት ረድፍ ሠንጠረዥ፦ መነሻ፣ ለውጥ፣ ኢኩሊብሪየም። የመጀመሪያው ምሳሌ ኳድራቲክ እንዳይጠይቅ አድርጉ። ሃይድሮጅን እና አዮዲን ሃይድሮጅን አዮዳይድ ይሰጣሉ። በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ኬ ወደ 50 ይጠጋል፤ ለስሌት እንዲመች 49 ብለን እንውሰድ። በ1 ሊትር ዕቃ ከእያንዳንዱ 1 ሞል ይጀመር። እያንዳንዳቸው በኤክስ ይቀንሳሉ፤ አዮዳይዱ 2ኤክስ ይሆናል። 2ኤክስ ሲካፈል ለ1 ሲቀነስ ኤክስ፣ ጠቅላላው ስኩዌር፣ 49 ነው። ሁለቱንም ወገን ስኩዌር ሩት ስናደርግ 7 ይወጣል። ኤክስ ሰባት ዘጠነኛ ነው፤ ወደ 0.78 ገደማ። አዮዳይዱ ወደ 1.56 ሞል ደረሰ፣ ከሃይድሮጅኑ እና ከአዮዲኑ ደግሞ 0.22 ቀረ።

እዚህ ቆማችሁ "2 ሞል ለምን አልወጣም?" በሉ። ስሌቱ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በለውጥ ረድፍ ላይ ነው፤ ከእኩልታው ቁጥር ጋር ማባዛት ይረሳሉ። መልሱን መልሰው ኬ ውስጥ አስገብተው እንዲያረጋግጡ አስገድዷቸው።

የአሞኒያው ነገር በየመጽሐፉ አለ። ሌላ ምሳሌ የለም?

አለ፤ ግን አሞኒያን አትናቁት። በደንብ ከተነገረ ምዕራፉን በሙሉ ይሸከማል። ሪአክሽኑ ሙቀት ያወጣል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊት በባር ሲለካ፣ ኬ በመቶ ሺዎች ነው። በ400 ዲግሪ ደግሞ ከአንድ ሺህኛ በታች ይወርዳል። ታዲያ ፋብሪካዎች ለምን ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ይሠራሉ? ተማሪዎች ይከራከሩበት። መልሱ ፍጥነት ነው፤ በቀዝቃዛው ብዙ አሞኒያ ይገኛል፣ ግን ማን ይጠብቀዋል? ካታሊስቱም ያን ያህል ሙቀት ካላገኘ አይሠራም። የጎደለው በ200 አትሞስፌር ገደማ ግፊት ይካካሳል። እንዲያም ሆኖ ጋዙ ካታሊስቱን አንድ ጊዜ ሲያልፍ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው 15 በመቶ አካባቢ ነው። አሞኒያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል፤ የተረፈው ጋዝ ተመልሶ ይገባል።

ታሪኩም ደስ ይላል። ሄንሪ ለ ሻተልዬ መርሁን ያወጣው በ1884 ነው። በ1901 ራሱ አሞኒያ ለመሥራት ሞክሮ ዕቃው ፈነዳበትና ተወው። ፍሪትዝ ሃበር በ1909 አሳካው፤ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሳደገው፤ በ1913 ጀርመን ኦፓው ውስጥ ማምረት ተጀመረ። የመርሁ ባለቤት ራሱ በእጁ የገባው አመለጠው ስትሏቸው የኋላ ወንበር ላይ የተኛውም ይነቃል።

ሪአክሽን ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል መጀመሪያ ያስተዋለው ማን ነው?

ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ክሎድ ሉዊ በርቶሌ ነው። በ1798 ከናፖሊዮን ዘመቻ ጋር ግብጽ ሄዶ ነበር። የጨው ሐይቆች ዳር ሶዲየም ካርቦኔት ተጋግሮ አየ። ላብራቶሪ ውስጥ የሚያውቀው ተቃራኒውን ነበር፤ ሶዲየም ካርቦኔት እና ካልሲየም ክሎራይድ ተዋሕደው ጨው እና ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ) ሲሰጡ ነው። እዚያ ግን ጨውም የኖራ ድንጋይም ከመጠን በላይ ስለበዛ መንገዱ ተገልብጧል። መጠን አቅጣጫን እንደሚወስን የገባው ያኔ ነው። በቁጥር ያስቀመጡት ኖርዌጂያኖቹ ካቶ ጉልድበርግ እና ፒተር ቮጌ ናቸው፤ በ1864።

ፈተና ላይ ምን ብጠይቅ መረዳታቸውን አውቃለሁ?

ግራፍ አስሏቸው። አንዱ የኮንሰንትሬሽን በጊዜ፣ ሌላው የፍጥነት በጊዜ። በፍጥነቱ ግራፍ ሁለቱ መስመሮች ተገናኝተው አብረው ይሄዳሉ። በኮንሰንትሬሽኑ ግን ተገናኝተው አብረው መሄዳቸው የግድ አይደለም፤ እያንዳንዱ በየራሱ ከፍታ ይተኛል። ያልገባው ተማሪ ሁለቱንም ግራፍ አንድ አድርጎ ነው የሚስለው። አራሚው ሦስት ሰከንድ አይፈጅበትም።

ሌላው የምወደው ጥያቄ የስህተት ማረም ነው። "አንድ ተማሪ እንዲህ ብሏል፦ የወዲያው ሪአክሽን ካለቀ በኋላ የወዲህኛው ይጀምራል። ምን ትሉታላችሁ?" ባለፈው አንዷ "የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ነው ያየው" ብላ መለሰች። ሌላ ምንም አልጻፈችም። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።